ቆርቆሮ በሚዛን ይገዛል፦ ለገጠር ቤት የጣሪያ ቆርቆሮ አመራረጥ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ በሚያወጣው መንገድ፣ ከሮብ ገበያ አለፍ ብሎ፣ ለእናቴ ቤት ያሠራሁ ጊዜ ቆርቆሮውን የገዛሁት እኔው ነኝ። ማኅተሙ ላይ የውፍረቱ ቁጥር፣ ጌጅ የሚሉት፣ 32 ይላል፤ ሻጩም 32 ነው አለ፤ እኔም ከፍዬ አስጫንሁ። በሁለተኛው ዓመት፣ ሚያዝያ ላይ፣ ክረምቱ ገና ሳይገባ፣ አንድ የከሰዓት ነፋስ ሦስት ረድፍ ገንጥሎ የጎረቤት ድንች ማሳ ላይ ጣለው። ደርሼ ሳይ የገረመኝ ሚስማሩ ነው። ከነባርኔጣው ማገሩ ላይ፣ ቆርቆሮው በሚመታበት አግዳሚ እንጨት ላይ፣ እንደቆመ ነው። የተቀደደው ቆርቆሮው ነው፤ በየሚስማሩ ዙሪያ እንደ ደብተር ወረቀት ቦጭቆ ሄዷል። አናጢው አንዱን ቅጠል፣ ማለትም አንዱን ነጠላ ቆርቆሮ፣ ከማሳው አንሥቶ በእጁ አወዛወዘና «ልጄ፣ ይኼን 32 ያለህ ማን ነው?» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ለዘመድም ለጎረቤትም ቆርቆሮ ስገዛ ሚዛን ሳላይ ብር አላወጣም። የሚከተለው ከተማ ተቀምጣችሁ ለእናት አባታችሁ ቤት ለምታሠሩም፣ እዚያው አገር ቤት ሆናችሁ ጤፉን ሸጣችሁ ጎጆ ለምትወጡም ነው።

1. መጀመሪያ ምን እንደምትከድኑ ወስኑ

አንድ ግቢ ውስጥ መኖሪያው፣ ማድ ቤቱ፣ በረቱ፣ መጸዳጃው አለ። አራቱም አንድ ዓይነት ቆርቆሮ አይፈልጉም። መኖሪያው ሃያና ሠላሳ ዓመት እንዲቆይ ትፈልጋላችሁ፤ ስለዚህ ገንዘቡ እሱ ላይ ይውጣ። ማድ ቤቱን ጭስ ይበላዋል፣ በረቱን የከብት ሽንት እንፋሎት ይበላዋል፤ የእነሱን ነገር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። መጸዳጃውና የዶሮው ቤት የተረፈውን ይለብሳሉ።

ቦታውም ይለያያል። ጎጃም ከጮቄ አናት፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ካለው ውርጭ፣ እስከ ዓባይ በረሃ ሙቀት ድረስ ነው። ደጋ ላይ ያለ ሰው የሚያስጨንቀው በረዶ፣ ነፋስና በሌሊት ከቆርቆሮው ሥር የሚንጠባጠበው ላብ ነው። ከደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ የሚኖረው ደግሞ ቀን ቤት ውስጥ መቀመጥ ያቅተዋል። ደጋውን ውፍረት ይጠቅመዋል፤ ቆላውን ነጣ ያለና ፀሐይ የሚመልስ ቆርቆሮ፣ ከፍ ያለ ጣሪያና ኮርኒስ።

2. ጣሪያውን በሲባጎ ለኩ

የሣር ቤት ጣሪያ ቀጥ ያለ ነው፤ ሣሩ ውኃ እንዳይጠጣ ቁልቁለቱ ጠንካራ መሆን አለበት። ቆርቆሮ ያን ያህል አይፈልግም። አንዳንድ ሰው ታዲያ «ቆርቆሮ ነው፣ ምን ይሆናል» ብሎ ጠፍጣፋ ያደርገዋል። የእኛ ሰኔና ሐምሌ ግን እንዲህ ያለውን ጣሪያ ይቅር አይልም። ደብረ ማርቆስ አካባቢ በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ያህል ይዘንባል፣ አብዛኛውም በክረምቱ ወራት ነው። ጣሪያው ከተኛ ውኃው በድርቡ በኩል ወደ ኋላ ተመልሶ ይገባል።

እኔ የምለው በአግድም ለሚኬድ ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ግድግዳው ጭቃ ከሆነ ደግሞ የጣሪያው ጫፍ ከግድግዳው 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይውጣ። ብዙ ሰው አንድ ረድፍ ቆርቆሮ ለማትረፍ ጫፉን ያሳጥርና በየዓመቱ መስከረም ላይ ምርጊት ሲያቦካ ይኖራል።

ወራጁ፣ ከአናት ወደ ጫፍ የሚወርደው እንጨት፣ ከቆመ በኋላ አትገምቱ። ከአናቱ እስከ ጫፉ በወራጁ ላይ ሲባጎ ወጥሩና ሲባጎውን ለኩት። ቆርቆሮ የሚፈልገው ርዝመት እሱ ነው።

3. ስንት ቅጠል ይበቃል?

በእኛ አገር ቤት በካሬ አይጠራም፤ «የ50 ቆርቆሮ ቤት አሠራ» ነው የሚባለው። አነጋገሩ ያምራል፤ ሒሳቡ ላይ ግን ያታልላል፤ ምክንያቱም የአንዱ ሃምሳ ከሌላው ሃምሳ እኩል አይሸፍንም። አናጢው ቅጠሉን ከጎኑ ካለው ጋር አንድ ጉብታ (የሞገዱን አንድ ከፍታ) ብቻ ደርቦ ከከደነና ሁለት ጉብታ ደርቦ ከከደነ ልዩነቱ ብዙ ቅጠል ነው።

አንድ ምሳሌ እናስላ። ግድግዳው 8 ሜትር በ6 ሜትር፣ ጣሪያው ወደ ሁለት ወገን የሚፈስ ቤት ነው እንበል። በርዝመቱ በኩል ግራና ቀኝ 50፣ 50 ሳንቲ ይውጣ፤ 9 ሜትር ሆነ። በወርዱ በኩል ግማሹ 3 ሜትር ነው፣ 60 ሳንቲ ጫፍ ሲጨመር 3.60። በተናገርሁት ቁልቁለት ሲባጎው 3.76 ሜትር ገደማ ይመጣል። የተለመደው ቅጠል 2 ሜትር ነው። ሁለቱን በ15 ሳንቲ ስትደራርቡ 3.85 ይሆናል። ጫፉ ላይ 5 ሳንቲ አልፎ ውኃውን ወደ ውጭ እንዲጥል ተውት፤ ልክ ይመጣል። ስለዚህ ለአንድ ወገን ከላይ እስከ ታች ሁለት ቅጠል ነው።

ወደ ጎን ደግሞ፣ አንድ ቅጠል ከድርቡ በኋላ 70 ሳንቲ ያህል ይሸፍናል ብለን እንያዝ። ሱቁ ላይ ያለውን ራሳችሁ ለኩት፤ ወርዱ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። 9 ሜትር ለ0.70 ሲካፈል 12.9፤ 13 ረድፍ ማለት ነው። 13 በሁለት ቅጠል፣ በሁለት ወገን፦ 52 ቅጠል። ለአናቱ መክደኛ፣ አናጢዎች ኮልሞ ለሚሉት፣ 2 ሜትር የሆነው 5 ፍሬ ይበቃል። ለብልሽት ሁለት ቅጠል ጨምሩ፤ ከተረፈ የዶሮ ቤት አይጠፋም።

ቤቱን ከመቁረጣችሁ በፊት ይህን ሒሳብ ብትሠሩ ይሻላል። ግድግዳው 6 ሜትር መሆኑ ቀርቶ 6 ሜትር ተኩል ቢሆን በየወገኑ ሌላ ረድፍ ትገዛላችሁ፣ አብዛኛውም ተቆርጦ ይጣላል። ቤቱን ለቆርቆሮው ልክ መሥራት ቆርቆሮውን ለቤቱ ከመቁረጥ ይረክሳል።

ክብ ቤት በቆርቆሮ ልክደን የምትሉ ካላችሁ፣ እንደ ክብ አብያተ ክርስቲያናቱ ጣሪያ ቅጠሉ ሁሉ በሦስት ማዕዘን እየተቆረጠ ይሄዳል። ለቤተ ክርስቲያን ያምራል፣ ምእመኑም ያዋጣል። ለአንድ ገበሬ ጎጆ ግን ብክነቱ አይቻልም።

4. ውፍረቱን በሚዛን እወቁ

ቆርቆሮ የሚጠራው በጌጅ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩም የተገላቢጦሽ ነው፤ ትልቁ ቁጥር ስሱ ነው። በግምት 35 የሚባለው 0.20 ሚሊ ሜትር፣ 32 የሚባለው 0.25፣ 30 የሚባለው 0.30፣ 28 የሚባለው 0.40 ሚሊ ሜትር ነው። ከ35 ወደ 30 ስትወጡ ልዩነቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ነው፤ ዓይን አይለየውም፣ ጣትም ይሸወዳል። ከብረቱ አንጻር ግን በግማሽ የጨመረ ውፍረት ነው።

የእናቴ ጣሪያ በሄደ በሳምንቱ አንድ ያልተቀደደ ቅጠል ተሸክሜ ገበያ ወጣሁና የእህል ነጋዴውን «ጋሼ፣ እስቲ ሚዛንዎን» አልሁት። «ቆርቆሮ በኪሎ መሸጥ ተጀመረ እንዴ?» ብሎ ሳቀ፤ መዘነልኝ። ሦስት ኪሎ አልሞላም።

ብረት አይዋሽም። 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ፣ 1 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ብረት 7.85 ኪሎ ይመዝናል። የቆርቆሮውን ስፋት ካወቃችሁ፣ ክብደቱ ውፍረቱን ይነግራችኋል። አሠራሩ እንዲህ ነው።

አንድ ቅጠል መሬት ላይ አስተኙ። ሲባጎ ወስዳችሁ ከአንዱ ጠርዝ እስከ ሌላው ጠርዝ ጉብታውንም ቦዩንም እየተከተላችሁ፣ ጣት ለጣት እየተጫናችሁ አስኬዱት። ከዚያ ሲባጎውን ዘርግታችሁ ለኩ። ይህ ቆርቆሮው ሳይታጠፍ በፊት የነበረው ስፋት ነው። ከላይ በቀጥታ ብትለኩት ያንሳል፣ ሒሳቡም ይበላሻል። ርዝመቱንም ለኩ፤ 2 ሜትር የተባለው 1.95 ሆኖ ሊገኝ ይችላልና።

አሁን 10 ቅጠል አንድ ላይ አስመዝኑ። አንድ ቅጠል ብቻ ብትመዝኑ የገበያ ሚዛን ስሕተት ውጤቱን ያዛባዋል። ክብደቱን ለ10 አካፍሉ፤ ከዚያ ለርዝመቱ፣ ከዚያ ለስፋቱ፣ በመጨረሻ ለ7.85። የሚወጣው ቁጥር ውፍረቱ ነው፣ በሚሊ ሜትር።

በቁጥር ላሳያችሁ። ማኅተሙ 32 ነው፤ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ በሲባጎ የተለካው ስፋት 91 ሳንቲ። አሥሩ ቅጠል 28 ኪሎ ተኩል መዘነ። አንዱ 2.85 ኪሎ ነው። ሁለት ጊዜ 0.91 ጊዜ 7.85 ስታደርጉ 14.29 ይመጣል። 2.85ን ለ14.29 አካፍሉ፦ 0.20። ስለዚህ 32 የተባለው 35 ነው። በዚሁ ስፋት እውነተኛው 32 አንዱ ቅጠል 3.6 ኪሎ፣ 30 ጌጁ 4.3 ኪሎ፣ 28 ጌጁ 5.7 ኪሎ ገደማ መምዘን አለበት። ትንሽ ከፍና ዝቅ ማለት ያለ ነው፤ ሩብ ኪሎና ከዚያ በላይ ከጎደለ ግን ወደ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ሻጩ አያስመዝንም ካለ መልሱን አግኝታችኋል። ደህናው ነጋዴ አይከፋውም፤ እንዲያውም አንዱ ሱቅ ውስጥ ልጁ ራሱ ሚዛን ጎትቶ አምጥቶልኛል። ዋጋ ስታወዳድሩም ዋጋውን ለኪሎው አካፍሉት። በቅጠል ሲታይ ርካሽ የመሰለው በኪሎ ሲታይ ውድ ሆኖ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ታዲያ የትኛው ይገዛ? ለመኖሪያ ቤት ደጋ ላይ 30ን እመርጣለሁ፤ አቅም ካጠረ እውነተኛ 32። 35ን ለአጥር፣ ለበር፣ ለጊዜያዊ ዳስ ተዉት። ለ52 ቅጠል ቤት ከ35 ወደ 30 መውጣት 74 ኪሎ ያህል ብረት መጨመር ነው፤ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ግን ከእንጨቱ ላይ የሚመለስ አለ። ስሱ ቆርቆሮ ማገሩን በየ60 ሳንቲው ይፈልጋል፤ በምሳሌያችን ቤት ለአንድ ወገን 7 ማገር። 30 ጌጁ በየ90 ሳንቲው ይቆማል፤ 5 ማገር ይበቃዋል። በሁለቱ ወገን 4 ማገር፣ እያንዳንዱ 9 ሜትር፦ 36 ሜትር እንጨትና ወደ 200 የሚጠጋ ሚስማር ይተርፋችኋል።

5. ሽፋኑን እዩ

ቆርቆሮን ከዝገት የሚያድነው ላዩ ላይ የተለበጠው ዚንክ ነው። ዚንኩ ዝም ብሎ እንደ ቀለም አይሸፍንም፤ ቆርቆሮው ሲጫር እንኳ ከብረቱ ቀድሞ ራሱ ይበላል። ስለዚህ ዚንኩ ሲያልቅ የቆርቆሮውም ዕድሜ ያልቃል። መጠኑ የሚነገረው በአንድ ካሬ ሜትር ላይ፣ ሁለቱም ፊት ተደምሮ፣ በግራም ነው፦ 275 ግራም የተለበጠው በየፊቱ 19 ማይክሮን ያህል፣ 100 ግራሙ 7 ማይክሮን ያህል ነው። ከተጻፈበት አንብቡ፤ ካልተጻፈ ሻጩን ጠይቁ።

ገበያ ላይ የሚነገር አንድ ተረት አለ፦ «አበባው ትልቅ የሆነው ዚንኩ ብዙ ነው» ይላሉ። ላዩ ላይ የሚታየው የበረዶ ቅርጽ የመሰለው አበባ ዚንኩ ሲቀዘቅዝ የሚሠራው ነው፤ ስለ ውፍረቱ አይናገርም። ይልቅ የአንዱን ቅጠል ጥግ በፒንሳ እጥፍ አድርጉት። ዚንኩ ቅርፊቱ ከተነሣ ወይም ከረገፈ አትግዙ።

ከክምሩ መሀል አንድ ቅጠል አስወጥታችሁ እዩ፤ ከላይ ያለው ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። በሁለት ቅጠል መሀል ውኃ ገብቶ ከቆየ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ይይዘዋል። ይህ ነጭ ዝገት ነው፤ ዚንኩ መበላት ጀምሯል ማለት ነው። ጥቂት ነጠብጣብ ከሆነ ዋጋ ለመቀነስ ምክንያት ይሆናችኋል፤ ክምሩን የያዘው ከሆነ ግን ተዉት።

አሉዚንክ የሚባለው ሽፋኑ 55 በመቶ አሉሚኒየም፣ ቀሪው በአብዛኛው ዚንክ ነው። ፀሐይን በደንብ ይመልሳል፣ ለቆላ መኖሪያ ጥሩ ነው። ለበረት ግን አይሆንም፤ ከሽንትና ከፍግ የሚወጣው አሞኒያ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። እርጥብ ሲሚንቶና ኖራም እንዲሁ።

ባለ ቀለሙ ያምራል፤ ለሠርግ ቤት አሁን ሁሉም እሱን ነው የሚጠይቀው። ቀለሙ ደህና ከሆነ ዕድሜ ይጨምራል። ግን ከሥሩ ያለው ብረት ስስ ከሆነ ቀለም ነፋስ አያቆምም። ሚዛኑ ለእሱም ይሠራል።

6. ሞገዱ ወይስ ኢጋው?

ኢጋ ቆርቆሮ፣ በሞገድ ፋንታ ጎድን ጎድን ያለው፣ በፈለጋችሁት ርዝመት ተቆርጦ ስለሚመጣ መሀል ላይ ድርብ የለውም፤ ከአናት እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ነው። ጎድኑም ጠንካራ ነው። ግን ሞራሌ፣ ቀጥ ብሎ በመጋዝ የተሰነጠቀ እንጨት፣ ይፈልጋል። ጎበጥ ቀና ባለ የባሕር ዛፍ ማገር ላይ ብታስተኙት አንዱ ጋ ተሰቅሎ ሌላው ጋ ይንሳፈፋል፣ ነፋስ ሲመጣ ይንኳኳል። አራት ሜትር ቅጠል ደግሞ መኪና በማይገባበት መንደር ሰው ትከሻ ላይ ሽቅብ ማውጣት ነው፣ እግዜር ያሳያችሁ። በባሕር ዛፍ ለሚሠራ የገጠር ቤት ባለ 2 ሜትሩን ሞገድ ቆርቆሮ እመርጣለሁ።

7. ሚስማሩ

የቆርቆሮ ሚስማር ባርኔጣው ሰፊ፣ ከሥሩ ጎማ ያለው ይሁን። ጠመዝማዛ እግር ያለው ከለስላሳው የበለጠ ይይዛል። ጎማ ከሌለው ከአሮጌ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ክብ ክብ እየቆረጡ መሥራት ይቻላል፤ የልጆች ሥራ ነው፣ አንድ ቀን ይፈጃል። ማገሩ ቀጭን ከሆነ ሚስማሩ አልፎ ወጥቶ ከሥር እንዲታጠፍ ረዘም ያለውን ግዙ።

በአንድ ቅጠል ለ30 ጌጅ 12 ያህል፣ ለስሱ 15 ወይም 16 ሚስማር ያዙ። ለ52 ቅጠል ከ600 እስከ 800 ፍሬ መሆኑ ነው። በኪሎ ስለሚሸጥ ሩብ ኪሎ አስመዝናችሁ ፍሬውን ቁጠሩ።

8. ማጓጓዝና ማስቀመጥ

ቅጠሉን ጎትቶ ከክምር ማውጣት፣ ጠርዙን ድንጋይ ላይ መጣል፣ ከነጨውና ከነማዳበሪያው አንድ ጋሪ ላይ መጫን፣ ሦስቱም ዚንኩን ይጎዱታል። ቤት ሲደርስ መሬት ላይ አይተኛ። በእንጨት ላይ፣ አንድ ጫፉ ከፍ ብሎ፣ ውኃ እንዲወርድ አስቀምጡት። ከዘነበበት ቅጠሉን ለያይታችሁ አድርቁ። ጥር ገዝቶ ግንቦት የሚከድን ሰው ካለ ይህን ሳይንቅ ያድርግ።

እንጨቱም ጊዜ ይፈልጋል። ትናንት የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ላይ የተመታ ሚስማር፣ እንጨቱ ሲደርቅ ይላላል። ልጣጩን ልጣችሁ ሁለትና ሦስት ወር ጥላ ውስጥ አቆዩት።

9. ሲከደን

ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ የሩቅ ትንበያ አያስፈልግም። የአሮጌውን ቤት ግድግዳ እዩ፤ ጭቃው ይበልጥ የታጠበው በየትኛው ወገን ነው? ዝናብና ነፋስ የሚመጣው ከዚያ ነው። ክዳኑን ከተቃራኒው ጫፍ ጀምራችሁ ወደ ነፋሱ እየመጣችሁ ከድኑ። እንዲህ ሲሆን የድርቡ አፍ ለነፋሱ ጀርባውን ይሰጣል።

ከታች ጀምሩ፣ ወደ ላይ ውጡ። ወደ ጎን አንድ ተኩል ወይም ሁለት ጉብታ ደርቡ፣ ወደ ላይ 15 ሳንቲ። ጣሪያው ከተኛ 20 አድርጉት። ጫፉ ቀጥ እንዲል ሲባጎ ወጥሩ።

ሚስማር የሚመታው ጉብታው ላይ ነው፤ ቦዩ ውስጥ ውኃ ይሄዳል። ይህን የማያውቅ አናጢ የለም፣ ግን ሲቸኩል ቦይ ውስጥ የሚመታ አለና ከሥር ሆናችሁ ተከታተሉ። በጫፉ፣ በአናቱና በድርቡ ላይ በየሁለት ጉብታው፤ መሀል ባሉት ማገሮች ላይ በየሦስቱ ይበቃል። ጎማው እስኪነካ መምታት እንጂ ጉብታውን እስኪጎደጉድ መምታት አያስፈልግም፤ የጎደጎደው ቦታ ውኃ ይይዛል።

ነፋስ ጣሪያን የሚያነሣው ከጫፉ፣ ከማዕዘኑና ከአናቱ ነው። ሚስማር ልትቆጥቡ ብትሉ እንኳ ከእነዚህ አትቆጥቡ። ደግሞም ቆርቆሮው ማገሩን ቢይዝ ማገሩ ወራጁን ካልያዘ፣ ወራጁም ቋሚውን ካልያዘ፣ ጣሪያው እንዳለ ይሄዳል። ማዕዘኖቹ ላይ ወራጁን ከቋሚው ጋር በወፍራም ሽቦ ጠምዝዛችሁ እሠሩ። ድንጋይ ጭኖ ማስቀመጥ የተለመደ ነው፤ ዚንኩን ይፍቃል፣ ውኃ ያቁራል፣ ነፋስ ሲመጣም ድንጋዩ ራሱ አደጋ ነው።

ሥራው በጠዋት ይሁን፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ። ከሰዓት ነፋስ ሲነሣ ቅጠል ይዞ ጣሪያ ላይ መቆም ሸራ ይዞ እንደመቆም ነው። ስትራመዱ ማገሩ ባለበት፣ በሚስማሩ መሥመር ላይ ርገጡ።

10. ማድ ቤቱ፣ በረቱ፣ አሸንዳው

የእንጨት ጭስ ከቆርቆሮው ሥር ተጣብቆ ከሌሊቱ ላብ ጋር ሲደባለቅ ዚንኩን ቀስ እያለ ይበላዋል። ማድ ቤቱን በአዲስ ስስ ቆርቆሮ ከመክደን ይልቅ አናቱ ላይ ጭስ መውጫ አድርጋችሁ ከአሮጌ ቤት በወረደ ወፍራም ቆርቆሮ መክደን ይሻላል። የድሮውን የሚስማር ቀዳዳ በሬንጅና በጨርቅ ትደፍናላችሁ። በረቱን ከፍ አድርጉና ጎኑን ከላይ ክፍት ተዉት፣ እንፋሎቱ ይውጣ።

አሸንዳ ቅንጦት አይደለም። ያ የ52 ቅጠል ቤት ከላይ ሲታይ 65 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። አንድ 20 ሚሊ ሜትር የሆነ ዝናብ ሲወርድበት 1,300 ሊትር ውኃ ነው፤ ያለ አሸንዳ ሁሉም ግድግዳው ሥር ይወድቃል። በርሜል ብታስቀምጡ ለከብትና ለእጥበት ይሆናል።

ኮርኒሱን ብዙዎቻችን በማዳበሪያ ከረጢት እንሠራዋለን። ጥሩ ነው፤ ላቡንም ጩኸቱንም ይቀንሳል። ከረጢቱን ግን አጥባችሁ አድርቁት፤ የቀረው የማዳበሪያ ብናኝ ጨው ነው፣ ቆርቆሮውን ከሥር ይበላዋል።

ሲያልቅ በጠራራ ፀሐይ ቤት ውስጥ ግቡና በሩን ዝጉ። የብርሃን ነጥብ የሚታይበትን ቦታ ሁሉ ማገሩ ላይ በከሰል ምልክት አድርጉ፤ አናጢው ሳይሄድ ይድፈነው። ከዚያ በየዓመቱ ግንቦት ላይ አንድ ሰው ወጥቶ የላላ ሚስማር ይይ።

የእናቴ ቤት አሁን በ30 ጌጅ ነው የተከደነው። አሥሩን ቅጠል ያስመዘንሁት እዚያው የእህል ነጋዴው ዘንድ ነው፤ 43 ኪሎ። ያ 32 የተባለው ደግሞ አልተጣለም። ያልተቀደደውን አቃንተን የጥጃውን ጋጣ ከለልንበት፤ የተቀደደውን እናቴ ቆርጣ ለዶሮዎቹ መጠጫ አድርጋዋለች።